የሰም ሥዕልን ወደ ውጭ ለመሸጥ፦ ነጩ ነገር ሻጋታ አይደለም፣ ችግሩም የሱቅ እጦት አይደለም

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። የቀለጠ የንብ ሰም ከቀለም ዱቄት ጋር እያዋሃድኩ በኮምፔልሳቶ ላይ እሥላለሁ። ሥራዎቼን በኢንስታግራምና በቴሌግራም አሳያለሁ፤ የሚያደንቅ ሞልቷል፣ የሚገዛ ግን የለም። ዓመቱን ሙሉ ለውጭ አገር የሸጥኩት ሁለት ብቻ ነው። አንዱ በጥር ቺካጎ ሲደርስ ላዩን ነጭ ነገር ሸፍኖት ነበር፤ ገዢዋ ሻጋታ ነው ብላ ገንዘቤን መልሺ ትለኛለች። ሌላው በሐምሌ ፊኒክስ ገባ፤ ፊቱን ክብ ክብ ምልክት ሞልቶታል፣ ቀልጦ መሰለኝ። የአገራችን ሰም ጥራት የለውም ማለት ነው? ዳማር የሚባለውን ሙጫ እዚህ ስላጣሁ በዕጣን ልተካው አስቤያለሁ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ በስሜ ኤትሲ በሚባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሱቅ ልክፈትልሽ ይላል። ይክፈትልኝ? 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነውን በ70 ዶላር ነው የምሸጠው፤ ላውርደው ወይስ ህትመት ልሽጥ?»

ከቺካጎዋ ገዢ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጣል፣ እሷ ግን መልስ እየጠበቀች ነው። ያየችው ሻጋታ አይደለም። የንብ ሰም አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በውስጡ በአነስተኛ ሙቀት የሚለሰልሱ ክፍሎች አሉት። እነዚህ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጡና ብርድ ሲያገኛቸው እንደ ስስ አመዳይ ይጋገራሉ። ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ የንብ ሰም ጧፍ አውጥቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ በጣት ሲያሹት ይጠፋል። የእርስዎ ሥዕል በአውሮፕላን ሆድ ብርድ በልቶ፣ በጥር ቺካጎ ወርዶ፣ አመዳይ ባይዝ ነበር የሚገርመኝ።

ዛሬውኑ ይጻፉላት። ሥዕሉን ቤት ውስጥ አንድ ቀን ታሳርፈው፤ ከዚያ ንጹሕና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይዛ ከአንድ ጥግ ጀምራ፣ ሳትጫን፣ በክብ በክብ ትወልውለው። አመዳይ ከሆነ ይለቃል፤ ቀለሙም ከበፊቱ ደምቆ ይወጣል። ሻጋታ ቢሆን ነጠብጣብ እየሠራ ነበር የሚጀምረው፣ ሽታም ይኖረው ነበር፣ ሙቀት ስለነካውም አይጠፋም። ካልለቀቀላት ሙሉ ገንዘቧን እንደሚመልሱ በዚያው መልእክት ይግለጹላት። አሁኑኑ መመለስ ግን አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ጤነኛ ነው። ጥፋት ካለብዎት አስቀድመው አለመንገርዎ ነው። አዲስ የሰም ሥዕል ሰሙ እስኪጠና ድረስ፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት፣ እንዲህ ማድረጉ በሙያው የታወቀ ነው። ሳይነገራት ያየችው ገዢ ሻጋታ ብትለው አይፈረድባትም።

የፊኒክሱ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን አልቀለጠም። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ቀልጦ ቢሆን ቀለሙ ወርዶ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ያገኙት ነበር። ክብ ክብ ምልክቱ የጠቀለሉበት ባለ አየር ፊኛ ፕላስቲክ አሻራ ነው። ሰም ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከ40 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ፣ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሰም ደግሞ የነካውን ሁሉ ይቀዳል። እኛ ጋ ሐምሌ ጋቢ የሚያስለብስ ወር ስለሆነ ይዘነጋል እንጂ፣ አሪዞና ውስጥ በዚያ ወር ፀሐይ ላይ የቆመ የዕቃ መኪና ውስጡ ምድጃ ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬ፣ የስፖርቱ ገጽ ሰማዩ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ደርሷል። ገዢው ደግ ሰው ነበር፤ ውጤቱን አንብቦ አሳቀኝ። ገንዘቡን ግን መልሻለሁ፣ እርስዎም ለፊኒክሱ መመለስ አለብዎት።

ስለዚህ ሰሙን አይውቀሱ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰምም ስሟ ከሚጠሩት አገሮች አንዷ ናት። ጉዳዩ ከማን ይገዛሉ የሚለው ነው። ገበያ ላይ በቂጣ በቂጣ ተጋግሮ የሚሸጠው ሰም አንዳንዴ ፓራፊን ወይም ሞራ ይቀላቀልበታል። ፓራፊን የገባበት ሰም ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ንብብሮቹም እርስ በርስ በደንብ አይያያዙም። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ገዝተው፣ በውኃ ቀቅለው፣ በጨርቅ አጥልለው ራስዎ ቢያወጡት የሚሥሉበትን ነገር ያውቁታል። ለነገሩ ቺካጎ ላይ ያ አመዳይ መውጣቱ ራሱ ሰምዎ ከፓራፊን ይልቅ የንብ መሆኑን የሚጠቁም ነው።

ዕጣኑን ግን ይተዉት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሁለቱም ከዛፍ የሚወጡ ናቸው፣ ሲደርቁም ይመሳሰላሉ። ዳማር ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች የሚገኝ፣ በሰም ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ ሰሙን ያጠነክራል፣ የሚቀልጥበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ አመዳዩንም ይቀንሳል። ዕጣን ውስጥ ግን በውኃ እንጂ በሰም የማይሟሟ ክፍል አለ፤ እሱ ድስቱ ሥር ተቀምጦ ይቃጠላል፣ ሥዕሉም ላይ አሸዋ ይሆናል። የተለመደው ልክ ስምንት እጅ ሰም ለአንድ እጅ ዳማር ነው፣ በክብደት። ወንድምዎ አንድ ኪሎ ደረቅ ዳማር ቢልክልዎ ስምንት ኪሎ ሰም ያስተካክላል፤ ለብዙ ወራት ይበቃዎታል። በተርፐንታይን የተሟሟውን የዳማር ቫርኒሽ ግን እንዳይልክ አጥብቀው ይንገሩት። እሱ ትኩስ ሰም ውስጥ ገብቶ እሳት ያስነሣል፤ ጭሱም መርዝ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ እሳት ካነሣሁ አይቀር፣ የቀለጠውን ሰም ከ80 እስከ 93 ዲግሪ ባለው መካከል ይያዙት፤ ከዚያ ሲያልፍ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ከሰል ላይ ይህን መቆጣጠር አይቻልም። የእንጀራ ምጣድም ለእንጀራ ነው። ቴርሞሜትርና ሙቀቱ የሚስተካከል የኤሌክትሪክ ምድጃ ይግዙ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሰም በእሳት ከተያያዘ ውኃ አይድፉበት፤ ክዳን ይድፉበት።

ወደ ሽያጩ እንምጣ። የሚያደንቅ ሞልቶ የሚገዛ የጠፋው ሱቅ ስለሌለዎት አይመስለኝም። ሰም የሚለውን ቃል ሲያነብ የውጭ ገዢ ልብ ውስጥ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ ይቀልጥ ይሆን? የእርስዎ ገጽ ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አይመልስም። ከጥያቄዎ ጋር ያያያዟቸውን መግለጫዎች አንብቤያለሁ፤ በሁሉም ላይ «ጥንታዊው የኢትዮጵያ የሰም አሣሣል» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎች በእንቁላል ወይም በሙጫ በተበጠበጠ ቀለም፣ በእንጨትና ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው። በሰም መሣል የግሪኮችና የግብፅ ጥበብ ነው። በግብፅ ፋዩም ከሙታን ጋር የተቀበሩት ምስሎች ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ በሰም ናቸው፣ ዛሬም ዓይናቸው እንዳበራ ነው። በሲና ተራራ የቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቶስ ሥዕልም በሰም ነው። ሰም አይቆይም ለሚል ገዢ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ቅጥፈቱን ግን አንድ አዋቂ ከያዘብዎት የቀረውን ቃልዎን ሁሉ ይጠራጠራል።

ሰሙን ከላይ እንዳልኩት ራስዎ ካወጡት ግን እውነተኛ ታሪክ እጅዎ ላይ ይኖራል። ሰሙ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ መምጣቱ፣ በመጀመሪያ ቀፎ፣ ቀጥሎ ጋን፣ ከዚያ ድስትዎ፣ በመጨረሻ ጣውላው ላይ ማረፉ ማንም ሌላ ሠዓሊ ሊናገረው የማይችል ነገር ነው። ያንን ይጻፉ። (ተከታታዩን «ሰምና ወርቅ» ብለው እንዳይሰይሙት ብቻ፤ ካፌው፣ መጽሔቱ፣ የዘፈን ምሽቱ ሁሉ ወስዶታል።)

ፎቶውም ይታረም። የሰም ሥዕል ነፍሱ ጥልቀቱ ነው፤ ከፊት ለፊት በብልጭታ ሲያነሡት የተለበጠ ፕላስቲክ ይመስላል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲገባ አድርገው ያንሡት። አንድ ፎቶ የጣውላውን ጠርዝ ብቻ ያሳይ፤ ንብብሮቹ እዚያ ላይ ይነበባሉ፣ ገዢው ህትመት አለመሆኑን የሚያምነው በእሱ ነው። አንድ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ሥዕሉን ወደ ብርሃን እያዘነበሉ ያንሡ። የቀለም ማሳመሪያ አይጠቀሙ።

ኤትሲን በተመለከተ ወንድምዎ ቅን ሐሳብ ነው ያመጣው፣ እኔ ግን አልመክርም። ኤትሲ አዲስ ሻጭ የሚቀበለው የራሱ የክፍያ ሥርዓት ከሚሠራባቸው አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ሱቁ በእርስዎ ስም ይሁን ቢባል እንኳ መታወቂያውም ባንኩም የወንድምዎ ይሆናል፤ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ዓይን ገቢው የእሱ ነው። ከዚያ የሚከፋው፣ ኤትሲ ዕቃው በሻጩ የተሠራ ወይም የተነደፈ እንዲሆን ይጠይቃል። ወንድምዎ ደግሞ ሠዓሊ አይደለም። አንድ ቀን ማረጋገጫ ቢጠየቅ ሱቁ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ይታገዳል። ክፍያውም ቀላል አይደለም። በ300 ዶላር ለተሸጠና 25 ዶላር መላኪያ ለተከፈለበት ሥዕል የሽያጭ ድርሻው 6.5 በመቶ ነው፣ መላኪያውን ጨምሮ ይሰላል። የካርድ ክፍያው 3 በመቶና 25 ሳንቲም፣ ማስመዝገቢያው 20 ሳንቲም ነው፤ በድምሩ 31 ዶላር ገደማ። ገዢው ኤትሲ ራሱ በሌላ ቦታ ባወጣው ማስታወቂያ በኩል ከመጣ ለትንሽ ሱቅ 15 በመቶ ይጨመራል፤ ያኔ 80 ዶላር ይደርሳል። ይህን ማስታወቂያ ትንንሽ ሱቆች መተው ይችላሉ፤ ግን ካላጠፉት በራሱ የበራ ነው።

የምመክርዎ ይህን ነው። ከአዲስ አበባ አንድ አንድ ሥዕል መላክ ያቁሙ። አንድ መጠን ይምረጡ፣ 30 በ30 ጥሩ ነው፤ አሥር ሥራ ይሥሩ፣ በአንድ ሳጥን ቨርጂኒያ ይላኩ፣ ከዚያ ወንድምዎ በራሱ ቀላል ድረ ገጽ ይሽጥ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈልና ከክብደቱ ከበለጠ እሱ ይያዛል። አንድ ሥዕል ከመከላከያው ጋር 45 በ45 በ15 ሳጥን ይፈልጋል፤ ሁለት ኪሎ ቢመዝንም የሚከፍሉት ለስድስት ኪሎ ነው። አሥር ጊዜ ሲልኩ 61 ኪሎ ከፈሉ። አሥሩን ደርድረው 45 በ45 በ60 በሆነ አንድ ሳጥን ቢያስገቧቸው 24 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ገዢው በአራት ቀን ይደርሰዋል፣ ቅር ቢለው የሚመልሰው ቨርጂኒያ እንጂ ቦሌ አይደለም። ከ70 ዶላሩ ይልቅ ሲያሸሸው የነበረው ይህ ይመስለኛል።

አስተሻሸጉ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የሥዕሉን ፊት ምንም ነገር አይንካው። ለእያንዳንዱ ጠርዙ ከሥዕሉ ፊት ከፍ የሚል ቀላል ፍሬም ያሠሩለት። በጠርዙ ላይ፣ ፊቱን እንዳይነካ አድርገው፣ ዳቦ ሲጋገር የሚነጠፈውን የማይጣበቅ ወረቀት ያልብሱት፣ ቀጥሎ ጠንካራ ካርቶን፤ ባለ ፊኛው ፕላስቲክ ከዚያ ውጭ ይምጣ። ሳጥኑን ከጥሬ ሳንቃ አያሠሩ። ጥሬ እንጨት ለተባይ በሙቀት የታከመበት ማኅተም ካልኖረው ድንበር ላይ ይያዛል፤ ኮምፔልሳቶ ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። የሚልኩበትን ወር ይምረጡ፦ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ ወይም መጋቢትና ሚያዝያ። በበጋቸው ይለሰልሳል፣ በከባዱ ብርዳቸው ደግሞ ሰሙ ይደርቅና ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ወንድምዎም ከቨርጂኒያ ሲልክ ሰኞ ይላክ፤ ዓርብ የገባ ዕቃ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ያድራል።

ወረቀቱ ላይ አቋራጭ አይፈልጉ። ከኢትዮጵያ ሲወጣ ሥራው ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን ይጠየቃል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ሥዕል ያየ ተቆጣጣሪም ሁሉ ይጠይቃል። ስለዚህ ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት ይጨርሱት። ለሽያጭ የሚሄድን ነገር «ስጦታ» ብለው አያስመዝግቡ፤ የወጪ ንግድ ስለሆነ ፈቃዱንና የውጭ ምንዛሪውን አገባብ ከባንክዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አሜሪካ ሲገባ በእጅ ብቻ የተሠራ ሥዕል በጉምሩክ ቁጥር 9701 ሥር ከመደበኛ ቀረጥ ነፃ ነው። ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ የነበረው ምሕረት ከነሐሴ 2025 (እንደ አውሮፓውያን) መጨረሻ ወዲህ ስለቆመ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው አገላለጽ አሁን ከበፊቱ ይልቅ ዋጋ አለው። «ጌጣ ጌጥ» ወይም «የእጅ ሥራ» ብለው አይጻፉ፤ «በእጅ የተሣለ ኦሪጅናል ሥዕል፣ የንብ ሰም በእንጨት ላይ» ይበሉ። በሰም ያስዋቡት ትሪ ወይም ሣጥን ግን በዚህ ቁጥር አይገባም፤ ቁጥሩ በእጅ ያጌጠ የፋብሪካ ዕቃን ለይቶ ያስወጣል። ህትመትም እንዲሁ።

ህትመቱን ካነሣን፣ አይሽጡ፤ አሁን አይሽጡ። በሰም ሥዕል ላይ የሚያምረው በወረቀት የማይወጣው ነው፤ ተከታይዎ ያደነቀውን ጥልቀት ጠፍጣፋ አድርገው ሲሸጡት ኦሪጅናሉንም ያረክሱታል።

ዋጋውን አያውርዱ፤ ይጨምሩ። 70 ዶላር ከመላኪያው ያነሰ ዋጋ ነው፣ ገዢ ደግሞ መላኪያው ከሥዕሉ የሚበልጥበትን ነገር አይገዛም። 260 ዶላር እንበል። ለወንድምዎ 20 በመቶ ቢያስቡ 52 ዶላር ነው። የራሱ ቀላል ድረ ገጽ ላይ በተለመደው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም የካርድ ክፍያ ወደ 8 ዶላር ይሄዳል፤ 200 ዶላር ይቀራል። ከዚያ የሳጥኑን አንድ አሥረኛና የጣውላ፣ የሰም፣ የዳማር ወጪዎን ሲቀንሱ የሚተርፈው ለድካምዎ የሚገባ ይሁን፤ ካልሆነ ዋጋው አሁንም ዝቅ ብሏል። በሰዓት አያስሉ፣ በስፋት ያስሉ፤ እጥፍ የሰፋ ሥዕል እጥፍ ገደማ ይሁን፣ ገዢው እንዳይደናገር። አዲስ አበባ ላለው ወዳጅዎ ያንኑ ሥዕል በግማሽ አይስጡ፤ ኢንስታግራም ላይ ሁሉም ይተያያል። ለአገር ውስጥ ከፈለጉ 15 በ15 የሆነ ትንሽ ሥራ ይሥሩ።

ከወንድምዎ ጋር ድርሻው፣ ያልተሸጠው ሥራ የማን እንደሆነ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም። ወንድም ነው ብሎ መተው የብዙ ቤት ኩርፊያ አምጥቷል። ግብሩንም አንድ የሒሳብ ባለሙያ እዚያው ጠይቆ ይጀምር። የመላኪያ ድርጅቱ ለጠፋ ወይም ለተሰበረ ዕቃ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ዋጋ በታች ነው፣ የጥበብ ሥራን ጭራሽ የማይሸፍኑም አሉ፤ ስለዚህ ውሉን ሳያነቡ «ኢንሹራንስ አለው» ብለው ለገዢ ቃል አይግቡ።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ጣውላ ጀርባ በእንግሊዝኛ የሚለጠፍ አጭር ካርድ ያሳትሙ፣ ገጽዎ ላይም ያንኑ ይድገሙት። በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ያህል ነው፦ «ይህ ሥዕል ከንብ ሰምና ከዳማር ሙጫ የተሠራ ነው። በተለመደ የቤት ሙቀት አይቀልጥም። ቀጥታ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ፣ ከማሞቂያ በላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አያስቀምጡት። በመጀመሪያው ዓመት ስስ ነጭ አመዳይ ሊወጣበት ይችላል፤ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። በውኃም በማጽጃም አይንኩት።» ቺካጎ ላለችው ገዢም ከመልእክትዎ ጋር አንዱን ይላኩላት።